ክዳኑን ከመክፈትህ በፊት

ቆይ ወንድምዬ፣ ያን የካሜራ ክዳን እንዳትከፍተው!

ከቆራሌው በስንት እንደገዛኸው አልጠይቅህም። መጀመሪያ ፊልም ይኑረው አይኑረው እንወቅ። በግራ በኩል ያለችውን መጠቅለያ በሰዓት አቅጣጫ ቀስ አድርገህ አዙራት። ብዙ ዙር እንደልቧ ከዞረች ባዶ ነው፣ ወይም ፊልሙ ተጠቅልሎ ገብቷል። ከያዘችህ ግን ፊልም አለበት፤ ማስለቀቂያዋን ተጭነህ ፊልሙን ወደ ቤቱ መልሰህ ከጠቀለልክ በኋላ ነው ክዳኑ የሚከፈተው። ሳታውቅ ከከፈትከውም ወዲያው ዝጋው፤ ከውስጥ የተጠቀለለው ሊተርፍ ይችላል።

ይህን የምልህ ጸጸቱን ስለማውቀው ነው። በልጅነቴ የአጎታችንን ዜኒት ካሜራ ከፍቼ፣ ፊልሙን ስቤ በመስኮት ብርሃን አየሁት። ፎቶ ቤት ወስደው ሲያሳጥቡት ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ወጣ። አያታችን በመጨረሻው መስቀሏ የተነሣችው እዚያ ላይ ነበር። ሌላ ፎቶ የላትም።

አሮጌ ካሜራ መሰብሰብህን ግን እወድልሃለሁ፤ አሰላም ለዚህ ባዶ አገር አይደለችም። ኮዳክ ሱፐር 8 የተባለውን የተንቀሳቃሽ ምስል ፊልም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ገበያ ላይ አዋለ። በ2 ዓመቱ ስዊድኖች ከመንግሥታችን ጋር የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን (ካዱን) እዚሁ አቋቋሙ፤ የዚያን ዘመን ካሜራ ይዘው የመጡ አይጠፉም። በደርግ ጊዜ ደግሞ ሶቪየት ኅብረት ተምረው የተመለሱ ሰዎች ዜኒት፣ ፌድና ዞርኪ ይዘው ገቡ። ስለዚህ አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ ከመውረድህ በፊት የድሮ የካዱ ሠራተኞችንና ጡረታ የወጡ መምህራንን ጠይቅ።

ዕቃው እጅህ ከገባ በኋላ ጠላቱ የጭላሎ ጭጋግ ነው። የቆዳ ማኅደሩ ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ይዞ ሌንሱን ያሻግተዋል፤ አውጥተህ አየር የሚያገኝ ደረቅ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው። ፌድና ዞርኪን የሌንሱን ክዳን ሳታደርግ ፀሐይ ላይ አትተው፤ ሌንሱ ብርሃኑን ሰብስቦ የጨርቅ መጋረጃቸውን ይበሳዋል። ፊልም መሳቢያቸውን ሳትስብም ፍጥነታቸውን አትቀይር፣ ውስጣቸው ይበላሻል።

ፕሮጀክተር ካገኘህ የተጻፈበትን ቮልት አንብብ። 110 ብቻ ከሆነ የኛ 220 ያቃጥለዋል፤ ያለ ትራንስፎርመር አትሰካው። ቢሠራልህም የሰው ቤተሰብ ፊልም መሞከሪያ እንዳታደርግ። ፊልም ሲያረጅ ይኮማተራል፣ የማሽኑ ጥርሶች ይቀዱታል። አንድ የሱፐር 8 ካርትሪጅ 15 ሜትር ነው፤ ሲታይ 3 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ገደማ ቢሆን ነው። የሞተ አባትን አረማመድ ለማየት ግን ይበቃል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተህ መበስበስ ጀምሯል፤ ከሌሎቹ ለይተህ ቀዝቃዛ ቦታ አኑረውና ቶሎ በስካነር ይገልበጥ። ያልታጠበ የኮዳክሮም ፊልም ብታገኝም አትጣለው። በቀለም ያጥበው የነበረው የመጨረሻው ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 መገባደጃ መቀበል ቢያቆምም፣ በጥቁርና ነጭ ማጠብ ይቻላል።

አደራ የምልህ አንድ ነገር አለ። ስትገዛ «የማን ነበር?» ብለህ ጠይቅ፤ ቆራሌውንም ከየትኛው ቤት እንዳመጣው። ስሙን በወረቀት ጽፈህ ከካሜራው ጋር አስቀምጥ። ፊልሙ ታጥቦ የሰው ፊት ከወጣበት፣ ቅጂውን ይዘህ ያን ቤት አንኳኳ። አንተ የገዛኸው ካሜራውን ነው።

በል አሁን አዙራት፣ ቀስ ብለህ። ያዘችህ? እንግዲያው ማስለቀቂያዋን ተጫንና ጠቅልለው፤ አልቆ እስኪላቀቅ ድረስ እዚሁ አጠገብህ ነኝ።