ስለ ሁለት ዐይነት የእጅ ባትሪ

በገጠር ቤት ሌሊት ብርሃን የሚያስፈልግበት ጊዜ ብዙ ነው። ላም ስትወልድ፥ ሕፃን በድንገት ሲታመም፥ ጅብ ወደ በረት ሲጠጋ፥ የቤቱ ሰው የእጅ ባትሪውን ፈልጎ ያነሣል። በዚያች ሰዓት ባትሪው የበራ እንደ ሆነ ሥራው ይቃናል፤ ድንጋዩ አልቆ የጠፋ እንደ ሆነ ግን ቀድሞ የወጣው ገንዘብ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ የእጅ ባትሪ የሚገዛ ሰው የባትሪውን ዋጋ ብቻ አይቶ መግዛት አይገባውም። ባትሪው ድንጋይን እንዴት እንደሚጨርስ፥ ከጨረሰውም ምን ያህሉን ብርሃን አድርጎ እንደሚመልስ መርምሮ ማወቅ ያስፈልገዋል።

የእጅ ባትሪ በብርሃኑ ምንጭ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው በአምፖሉ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ግሎ የሚያበራው የቀድሞው ባትሪ ነው። ሁለተኛው ኤልኢዲ በሚባል ትንሽ ፍሬ የሚያበራው አዲሱ ባትሪ ነው። ዛሬ በገበያ የሚበዛው ሁለተኛው ሲሆን፥ የፊተኛውም በአንዳንድ ቤት ይገኛል። የሁለቱ ልዩነት በትክክል የሚታወቀው ከድንጋዩ ተነሥቶ እስከ ብርሃኑ ድረስ በተራ ሲመረመር ነው።

1ኛ፤ ስለ ባትሪ ድንጋይ

ሰው በልማድ ድንጋይ ይበለው እንጂ ነገሩ ድንጋይ አይደለም። የተለመደው የባትሪ ድንጋይ ውጪው ዚንክ ከሚባል ብረት የተሠራ ጣሳ ነው። በመካከሉ የከሰል ዘንግ ቆሟል፤ በዘንጉም ዙሪያ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ የሚባል ጥቁር ዱቄት፥ ጨውነት ባለው እርጥብ ነገር ርሶ ተጠቅጥቋል። ባትሪው በበራ ጊዜ ዚንኩ ቀስ በቀስ እየተበላ ኮረንቲ ይሰጣል። አንድ አዲስ ድንጋይ 1.5 ቮልት አለው፤ ሁለት ድንጋይ ተከታትሎ ሲገባ 3 ቮልት ይሆናል።

ድንጋይ በጎተራ እንዳለ እህል ነው። በየቀኑ ብዙ የሚወስድ ቤት ጎተራውን ቶሎ ያራቁተዋል፤ በልክ የሚወስድ ቤት እስከ መከር ይደርሳል። ይህ ዐይነቱ ድንጋይ ግን አንድ ጊዜ ካለቀ ዳግመኛ አይሞላም።

የዚህ ድንጋይ መነሻ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1866 ዓ.ም. ዦርዥ ለክላንሼ የተባለ ፈረንሳዊ የሠራው፥ በማሰሮ ፈሳሽ ተሞልቶ የሚቀመጥ ባትሪ ነው። በ1886 ዓ.ም. ካርል ጋስነር የተባለ ጀርመናዊ ፈሳሹን ወደ ሊጥነት ለውጦ፥ በማናቸውም በኩል ቢዘነበል የማይፈስ ደረቅ ባትሪ አደረገው። ባትሪን በእጅ ይዞ መሄድ የተቻለው ከዚህ በኋላ ነው። በ1899 ዓ.ም. ዴቪድ ሚዘል የተባለ ሰው በአሜሪካ አገር ደረቅ ድንጋዮችን በቀፎ ውስጥ ደርድሮ፥ ከፊታቸው አምፖልና አንጸባራቂ አድርጎ ለሠራው የእጅ ባትሪ የመንግሥት የፈጠራ ማረጋገጫ ተቀበለ። የዚያን ዘመን ድንጋይ ደካማ ስለ ነበረ ባትሪው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ብልጭ ተደርጎ ይጠፋ ነበር።

2ኛ፤ ስለ ጋለ ሽቦ ብርሃን

አንጥረኛ ብረትን በእሳት ውስጥ ሲያግል ብረቱ አስቀድሞ ይቀላል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ቢጫ ይሆናል፤ ይልቁንም ሲበረታ ወደ ነጭነት ይሄዳል። የቀድሞው አምፖል የሚያበራው በዚሁ ሥርዐት ነው። ኮረንቲ በጣም በቀጠነ ሽቦ ውስጥ በግድ ሲያልፍ ሽቦው ይግላል፤ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲደርስም ብሩህ ይሆናል።

ቶማስ ኤዲሶን በ1879 ዓ.ም. በሠራው አምፖል ውስጥ የሚግለው የከሰለ ክር ነበረ። በኋላ በክሩ ፈንታ ቱንግስተን ከሚባል ብረት የተሠራ ሽቦ ገባ፤ ቱንግስተን ሳይቀልጥ እስከ 3,400 ዲግሪ ገደማ ስለሚታገሥ ነው። ሽቦው አየር ቢያገኝ ወዲያው ተቃጥሎ ስለሚበጠስ፥ አየሩ ከብርጭቆው ውስጥ ይወጣል ወይም በማያቃጥል ጋዝ ይተካል።

የዚህ አምፖል ጉድለት ብርሃኑ የሙቀት ልጅ መሆኑ ነው። ለማብራት አስቀድሞ መጋል አለበት፤ በሚግልበትም ጊዜ ከገባው ኀይል ከ100 እጅ ከ90 የሚበልጠው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ዐይን የሚያየው ብርሃን የሚሆነው ከ10 እጅ ያነሰው ብቻ ነው። ሰው መንገድ ለማየት ድንጋይ ይገዛል፤ ድንጋዩ ግን አብዛኛውን ኀይሉን ብርጭቆ በማሞቅ ይጨርሳል።

3ኛ፤ ስለ ኤልኢዲ ብርሃን

ኤልኢዲ የሚግል ሽቦ የለውም። የሚያበራው ከምስር ፍሬ ያነሰ፥ ከሁለት ንብርብር የተሠራ ጠጣር ነገር ነው። አንደኛው ንብርብር ኤሌክትሮን የሚባሉት ጥቃቅን የኮረንቲ ተሸካሚዎች የሚበዙበት፥ ሁለተኛው ደግሞ የሚጐድሉበት ነው። ኮረንቲ ሲገባ ኤሌክትሮኖቹ ከብዙው ወደ ጐደለው ተሻግረው ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ይወድቃሉ፤ ሲወድቁም የነበራቸውን ኀይል ብርሃን አድርገው ይሰጣሉ። ከፏፏቴ የሚወድቅ ውሃ ወፍጮን እንደሚያዞር፥ የኤሌክትሮን መውደቅም ብርሃንን ያወጣል። ይህ ፍሬ ጥቂት ይሞቃል፤ ነገር ግን ብርሃኑ ከሙቀቱ የተወለደ አይደለም።

ይህም ነገር በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። በ1907 ዓ.ም. ሄንሪ ራውንድ የተባለ እንግሊዛዊ ኮረንቲ ያገኘ አንድ ጠጣር ነገር ሲያበራ አይቶ ጻፈ። በ1962 ዓ.ም. ኒክ ሆሎኒያክ የተባለ አሜሪካዊ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ ሠራ። ሰማያዊው ግን ለብዙ ዘመን አስቸገረ። በመጨረሻ ኢሳሙ አካሳኪ፥ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ የተባሉት በጃፓን የተወለዱ ሊቃውንት ብዙ ከደከሙ በኋላ በ1990ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ብሩህ ሰማያዊ ኤልኢዲ ተገኘ፤ ስለዚህም ሥራቸው በ2014 ዓ.ም. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ነጩ ብርሃን ከሰማያዊው ይወጣል፤ ይኸውም በሰማያዊው ፍሬ ላይ ፎስፎር የሚባል ቢጫ ነገር ይቀባል፤ ሰማያዊውና ቢጫው ሲቀላቀሉ ለዐይን ነጭ ሆነው ይታያሉ።

4ኛ፤ ሁለቱ በሒሳብ ሲመዘኑ

የኀይል መለኪያ ዋት ነው፤ ዋትም ቮልትን በአምፔር በማባዛት ይገኛል። የብርሃን ብዛት መለኪያ ሉመን ይባላል። ሁለት ድንጋይ የሚይዘው የቀድሞው ባትሪ አምፖል 0.5 አምፔር ያህል ወስዶ 10 ሉመን ያህል ብርሃን ይሰጣል። ደኅና ኤልኢዲ ያንኑ 10 ሉመን ለመስጠት ከ3 ቮልት 0.04 አምፔር ያህል ይበቃዋል፤ ይህም 0.12 ዋት ነው።

ለምሳሌ አንድ ድንጋይ በጠቅላላው 4 አምፔር ሰዓት ይሰጣል እንበል። 4 ለ0.5 ሲካፈል 8 ይሆናል፤ የቀድሞው ባትሪ በአንድ ጥንድ ድንጋይ 8 ሰዓት ያበራል ማለት ነው። 4 ለ0.04 ሲካፈል 100 ይሆናል፤ ኤልኢዲው በዚያው ጥንድ 100 ሰዓት ያበራል ማለት ነው።

አንድ ቤተ ሰብ በየሌሊቱ 1 ሰዓት ቢያበራ፥ በዓመት 365 ሰዓት ይሆናል። በቀድሞው ባትሪ 46 ጥንድ፥ ማለት 92 ድንጋይ ያስፈልገዋል። በኤልኢዲው 4 ጥንድ፥ ማለት 8 ድንጋይ ይበቃዋል። ትርፉ 84 ድንጋይ ነው። ተማሪው ይህን ቍጥር በሰፈሩ ሱቅ ባለው የድንጋይ ዋጋ ቢያባዛ፥ ከቤቱ የሚወጣውን ገንዘብ ያገኛል። 20 ቤት ባለበት መንደርም 1,680 ድንጋይ በሜዳና በወንዝ ዳር ከመጣል ይድናል።

ነገር ግን በዚህ ስፍራ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኤልኢዲ ቍጡብ የሚሆነው ብርሃኑ በልክ ሲሆን ነው። 100 ሉመን የሚሰጥ ብርቱ ኤልኢዲ 1 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ይህም የቀድሞው አምፖል ከሚወስደው ብዙም አያንስም፤ ድንጋዩም በ12 ሰዓት ገደማ ያልቃል። ስለዚህ ኤልኢዲ ለሰው ሁለት ምርጫ ይሰጠዋል፤ በቀድሞው ድንጋይ ብዙ ብርሃን ወይም በጥቂት ድንጋይ የቀድሞውን ብርሃን። ሁለቱን በአንድነት ማግኘት ግን አይቻልም። ብርሃኑን ዝቅና ከፍ የሚያደርግ መቀያየሪያ ያለው ባትሪ የሚመረጠው ስለዚህ ነው፤ ለመንገድ ዝቅተኛው ይበቃል፤ ከፍተኛው ለጅብና ለጠፋ ከብት ይቈያል።

5ኛ፤ የእያንዳንዱ ጠባይ

የቀድሞው አምፖል ቀጭኑ ሽቦ ባትሪው ሲወድቅ ሊበጠስ ይችላል፤ ባይወድቅም ዕድሜው አጭር ነው። ኤልኢዲ የሚበጠስ ሽቦ ስለሌለው መውደቅን ይታገሣል፤ ከመጠን በላይ ካልሞቀም ከ10,000 ሰዓት በላይ ያገለግላል።

ድንጋዩ ሲደክም የቀድሞው አምፖል ከነጭ ወደ ቢጫ፥ ከቢጫ ወደ ቀይ ይመለሳል፤ ይህም ለባለቤቱ ማስጠንቀቂያ ነው። ኤልኢዲ ግን መልኩ እምብዛም አይለወጥም። ይልቁንም ኮረንቲ የሚያስተካክል መሣሪያ ያለበት እንደ ሆነ እስከ መጨረሻው በእኩል ብርሃን ቈይቶ በድንገት ይደክማል። እንዲህ ያለ ባትሪ የያዘ መንገደኛ ትርፍ ድንጋይ መያዝ ይገባዋል።

ነጭ ኤልኢዲ 3 ቮልት ያህል ይፈልጋል። በአንድ ድንጋይ ብቻ የሚሠራ፥ ጣት የሚያህል ትንሽ ባትሪ በውስጡ 1.5 ቮልቱን ወደ 3 ቮልት ከፍ የሚያደርግ መሣሪያ አለው። ኤልኢዲው የሚወስደው ጥቂት በመሆኑ ባትሪውን እንዲህ ማሳነስ ተችሏል።

የቀድሞው አምፖል ደግሞ አንድ ብልጫ አለው። የጋለ ሽቦ ቀለማትን ሁሉ ሳያቋርጥ ይሰጣል፤ ቀዩም ይበዛበታል። ብዙ ርካሽ ነጭ ኤልኢዲ ግን ቀይ ያንሰዋል፤ ስለዚህ የቍስል መቅላት፥ የዐይን ሕመም ወይም የሥጋ መበላሸት በእርሱ ሲታይ መልኩ ሊያሳስት ይችላል። ለእንደዚህ ያለ ሥራ ብርሃኑ ወደ ቢጫ የሚያደላ ኤልኢዲ ይሻላል።

6ኛ፤ ስለ አያያዝ

ብርቱ የኤልኢዲ ብርሃን ዐይንን ይጐዳልና፥ ልጆች ወደ ራሳቸው ወይም ወደ ጓደኛቸው ዐይን እንዳያበሩ መከልከል ይገባል። አዲስና አሮጌ ድንጋይ በአንድነት አይግባ። ያለቀ ድንጋይ በባትሪው ውስጥ ቢቈይ ያፈሳል፤ ብረቱንም ይበላዋል። ድንጋይን በእሳት ውስጥ መጣል ወይም ቀጥቅጦ መክፈት አደጋ ነው፤ ሊቲየም ያለበት፥ በኤሌክትሪክ ወይም በፀሓይ ኀይል የሚሞላው ዐይነት ሲወጋ ወይም ሲደቈስ ይነዳል። ያለቀው ከውሃና ከሕፃናት ርቆ በአንድ ዕቃ ይጠራቀም።

7ኛ፤ በትምህርት ቤት የሚደረግ ሙከራ

መምህሩ ሁለቱን ባትሪዎች ለ5 ደቂቃ አብርቶ፥ ካጠፋቸው በኋላ ተማሪዎች በተራ የፊታቸውን ብርጭቆ ይዳስሱ። ቀጥሎ መምህሩ አንድ ትንሽ ነጭ የኤልኢዲ ፍሬ በሁለት ተራ ድንጋዮች ጫፍ ያገናኝ፤ ከዚያም ፍሬውን ገልብጦ ዳግመኛ ያገናኝ። ፍሬው በአንድ በኩል ያበራል፤ ሲገለበጥ ግን አያበራም፤ ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋልና። የጋለ ሽቦ አምፖል በሁለቱም በኩል ያበራል። በኤልኢዲ ባትሪ ውስጥ ግን ድንጋዩ ተገልብጦ አይግባ፤ መሣሪያው ሊበላሽ ይችላል።

ጥያቄ

1. የቀድሞው አምፖል ሳይግል ማብራት የማይችለው ስለ ምንድን ነው?
2. አንድ ድንጋይ 4 አምፔር ሰዓት ቢኖረው፥ 0.2 አምፔር የሚወስድ ባትሪ ስንት ሰዓት ያበራል?
3. አንድ ሰው ርካሽ የሽቦ አምፖል ባትሪ ገዝቶ በዓመት 92 ድንጋይ ጨረሰ፤ ጎረቤቱ በእጥፍ ዋጋ የኤልኢዲ ባትሪ ገዝቶ 8 ድንጋይ ጨረሰ። በሰፈርህ ዋጋ አስልተህ፥ ብዙ ገንዘብ ያወጣው ማን እንደ ሆነ ተናገር።
4. ኤልኢዲ ባትሪ ይዞ ሌሊት የሚጓዝ ሰው ትርፍ ድንጋይ መያዝ የሚገባው ለምንድን ነው?