ለሰፋሪ ገበሬ የሚታደል የቡና ችግኝ፦ ምርጥ ዝርያና ድቅል

እ.ኤ.አ. ከ1984 ድርቅ በኋላ ከወሎ ተነሥተው በኢሉባቦርና በከፋ የሰፈሩት ገበሬዎች በአብዛኛው እህል አምራቾች እንጂ ቡና ተካዮች አልነበሩም። ለእንዲህ ያለው ገበሬ ችግኝ ሲታደል የዘሩ ዓይነት አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ያልበሰለውን ፍሬ አጥቁሮ የሚያረግፈው የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በጅማ የሚገኘው የመልኮ ምርምር ጣቢያ በሽታውን የተቋቋሙ እናት ዛፎችን መርጦ አራባ፤ 74110ና 74112 ከመቱ አካባቢ የተገኙ ሲሆኑ፣ በቁጥራቸው መነሻ ያለው 74 የተመረጡበትን ዓመት ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ1998 የተለቀቀው አባ ቡና ግን 741 ከተባለው ምርጥ ዝርያና ከደሱ የተዳቀለ ነው።

የአረቢካ ቡና በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ስለሚራባ የምርጡ ዝርያ ዘር እናቱን ይመስላል። ከድቅሉ ፍሬ የሚበቅለው ችግኝ ግን አንድ ዓይነት አይሆንም፤ ምርቱም ሆነ በሽታን የመቋቋም ኃይሉ ከዛፍ ዛፍ ይለያያል። ስለዚህ ከጓሮ ለቅሞ ለጎረቤት ዘር ማካፈል፣ መልካም ልማድ ቢሆንም፣ በድቅል ቡና ላይ ጉዳት ያመጣል። ደግሞም የፍሬ በሽታን የሚቋቋም ሁሉ ዛፉን ከነሥሩ የሚያደርቀውን በሽታ ይቋቋማል ማለት አይደለም። ችግኙ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈጃል፤ እስከዚያ የሚበላው ያልተሰናዳለት ሰፋሪ ችግኙን ነቅሎ በቆሎ ቢዘራበት የሚወቀሰው ዕደላውን ያቀደው ክፍል ነው።