ይተኮስበት ወይስ ይቀመጥ? ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ስለ ጀንፈል ቡና የሚያስተምረን

ዛሬ ገበያ ዝግ ስለሆነ የዋጋ መረጃ የለም፤ እንደተለመደው በትምህርት እንገናኝ።

ከማኅበራትም፣ ከአቅራቢዎችም፣ ከላኪዎችም ሁሌ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ "ልያዝ ወይስ ልልቀቅ?" ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ ከቡና ውጪ በሆነ ዕቃ እንየው። የራሳችን ዕቃ ሲሆን ስሜት ይገባበታል፤ የሰው ዕቃ ሲሆን ግን ሒሳቡ በደንብ ይታያል።

በውጭው ዓለም ጥንታዊና ብርቅ መሣሪያ የሚሰበስቡ ሰዎች አንድ የማያልቅ ክርክር አላቸው። ያልተተኮሰበት ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ እጄ ቢገባ ልተኩስበት ወይስ እንዳለ ላስቀምጠው? አንዱ "መሣሪያ የተሠራው ለመተኮስ ነው" ይላል። ሌላው "አንድ ጥይት ዋጋውን ይቀንሰዋል" ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የሚለያዩት ዋጋው ከየት እንደሚመጣ ስላልተስማሙ ነው። የሚገርመው ደግሞ በዓለም ላይ በጣም ውድ ከተሸጡት ሽጉጦች የአንዱ ታሪክ ከእኛው ከሐረር ቡና ነጋዴ ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው።

፩. ዋጋው "ካልተነካ" የሚመጣ ዕቃ

ኮልት ፓይተን የሚባለውን ሽጉጥ እንውሰድ። የአሜሪካው ኮልት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ሠራው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ማምረቱን አቆመ። ከዚያ በኋላ ያልተተኮሰበት፣ ካርቶኑና ወረቀቱ ያልጠፋ ፓይተን ያለው ሰው ከተተኮሰበት የተሻለ ዋጋ ይጠይቃል።

ግን "ያልተተኮሰበት" የሚለው ቃል ራሱ መመርመር አለበት። ፋብሪካው ከመላኩ በፊት ሞክሮ ተኩሶበታል። ስለዚህ ትርጉሙ "ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ያልተተኮሰበት" ማለት ነው። ደግሞ ሳይተኮስም ይጫራል፤ ጥይት መያዣውን ባዶውን እያሽከረከሩ ቢጫወቱበት ዙሪያውን ቀጭን የመስመር ምልክት ይቀራል። አዋቂ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ባለቤቱ "አልተኮስኩም" ቢልም ብረቱ ይናገራል።

እኛስ ጋ? "ንጹሕ አንደኛ ደረጃ ነው" ብሎ በስልክ የሚምል አለ፤ ናሙናው ሲቀመስ ግን የሻጋታ ጣዕም ይወጣል። ቃል አይሸጥም፤ የሚሸጠው ናሙናው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ኮልት እ.ኤ.አ. በ2020 ፓይተንን እንደገና ማምረት ጀመረ። የድሮው የድሮ ሆኖ ተፈላጊነቱ ቢቀጥልም፣ "ከእንግዲህ አይሠራም" ብሎ የሚያስብ ሰው ግን ስሌቱ ተናግቷል። ብርቅነት በእናንተ እጅ ሳይሆን በአምራቹ እጅ ነው። ብራዚል ጥሩ ዝናብ ስታገኝ የእኛም ብርቅነት እንደሚቀንሰው ማለት ነው።

፪. ዋጋው "ስለተተኮሰበት" የመጣ ዕቃ

አሁን ወደ ሐረሩ ሰው። አርተር ራምቦ፣ ፈረንሳዊው ገጣሚ፣ ግጥም መጻፉን ትቶ እ.ኤ.አ. በታህሣሥ 1880 ሐረር የገባው የአልፍሬድ ባርዴ ድርጅት ሠራተኛ ሆኖ፣ ቡናና ቆዳ ለመግዛት ነው። ከእኛ ሙያ ሰው ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ በፊት ግን፣ ገና የ18 ዓመት ልጅ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 1873 ብራስልስ ውስጥ ገጣሚው ጓደኛው ፖል ቬርሌን ተጣልቶት ሁለት ጊዜ ተኩሶበታል። አንዱ ጥይት የግራ እጁን አንጓ መታው። ቬርሌን ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ሽጉጡ 7 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌፎሾ የሚባል ስድስት ጎራሽ ነው፤ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ከአንድ የመሣሪያ ሱቅ በ23 ፍራንክ ተገዛ።

ይህ ሽጉጥ እ.ኤ.አ. ኅዳር 30 ቀን 2016 ፓሪስ ውስጥ ክሪስቲስ በተባለው የጨረታ ድርጅት ቀረበ። ግምቱ ከ50 እስከ 60 ሺህ ዩሮ ነበር፤ የተሸጠው ግን በ434,500 ዩሮ። የዚያው ዓይነት፣ የዚያው ዘመን ተራ ሌፎሾ ዛሬ በመቶዎች በሚቆጠር ዩሮ ይገኛል።

ልብ በሉ፣ ይህ ዕቃ ተተኩሶበታል። ባይተኮስበት ኖሮ ማንም አያስታውሰውም ነበር። ታዲያ ዋጋውን የጨመረው ጥይቱ ብቻ ነው? አይደለም። የሽጉጡ ተከታታይ ቁጥር በሻጩ ሱቅ መዝገብ ላይ ስለተገኘ ነው። ታሪክ ያለ ወረቀት ተረት ነው፤ ወረቀት ሲኖረው ነው ዋጋ የሚሆነው።

ማነጻጸሪያው ጀጎል ውስጥ አለ። ሁላችንም "ራምቦ ቤት" የምንለው ውብ ሕንፃ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ ራምቦ እዚያ መኖሩን የሚያረጋግጥ ሰነድ የለም። ለጎብኚ ስሙ ይበቃዋል፤ ለገዢ ግን አይበቃም።

፫. ሒሳቡን እንሥራው

23 ፍራንክ በ143 ዓመት 434,500 ዩሮ ሆነ። ጆሮ ሲሰማው ያስደነግጣል። በዓመት ሲሰላ ግን 7 በመቶ ገደማ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ለቁጠባ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ወለድ እኮ 7 በመቶ ነበር!

ገንዘቡ ስለተለዋወጠ በወርቅ እንየው። የዚያን ጊዜ 23 ፍራንክ 6.7 ግራም ያህል ንጹሕ ወርቅ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ዋጋ ከ240 ዩሮ አይበልጥም። በዚህ መንገድ ሲታይ የሽጉጡ ትርፍ ከወርቅ በላይ በዓመት 5 በመቶ ከምናምን ነው። ይህ ደግሞ ከሺዎች መካከል ዕድል የወጣለት አንዱ ሽጉጥ ነው። የቀሩት ዝገት በልቷቸዋል። "ያዝ፣ አንድ ቀን ይወደዳል" የሚላችሁ ሰው የሚነግራችሁ የአንዱን ታሪክ ነው፤ የሌሎቹን አይነግራችሁም።

፬. ራምቦ ራሱ ሲይዝ ምን ሆነ?

ራምቦ በኋላ መሣሪያ ነጋዴ ሆነ። ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ያረጁ ጠብመንጃዎችን ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ለመሸጥ ተነሣ። ግን ታጁራ ላይ በፈቃድና በግመል ጉዳይ አንድ ዓመት ገደማ ቆመ። ሸሪኩ ላባቱ ታሞ ሞተ። እሱ ሸዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1887 ነው። ምኒልክ ደግሞ ከአንድ ወር በፊት፣ በጥር፣ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ይዘዋል። ገዢው የሚፈልገውን አግኝቷል፤ ሻጩ ያረጀ ዕቃ ይዞ ቆሟል። ንጉሡ ዋጋ ሰበሩ፤ የሟቹ አበዳሪዎችም ከዚያው ላይ ጠየቁ፤ ቀሪውን ሐረር ሄዶ ከመኮንን እንዲቀበል ወረቀት ተሰጠው።

መሣሪያው አልተሰበረም፤ የተሰበረው ጊዜው ነው። ዕቃ ሲያዝ የሚያረጀው ዕቃው ብቻ አይደለም፣ የገዢውም ፍላጎት ያረጃል።

፭. ወደ እኛ መጋዘን እንምጣ

ዕቃ ሁሉ የራሱ ዕድሜ አለው። የአወዳይ ጫት ካደረ ዋጋ የለውም፤ የሚቆጠረው በሰዓት ነው። ማሽላ በጉድጓድ ወራት ይቆያል፤ ነቀዝና እርጥበት ግን ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ጀንፈል ቡና ቅርፊቱ ስለሚጠብቀው ከተፈለፈለው ይሻላል፤ የሐረርጌ ገበሬ እንደ ባንክ የሚያስቀምጠውም ለዚህ ነው። የተፈለፈለ ቡና ግን ዓመት ሲያልፈው ጣዕሙ ይደበዝዛል፣ ገዢም "ያለፈ ዓመት ምርት" ብሎ ዋጋ ይቀንሳል። ሽጉጥ መቶ ዓመት ይቆያል። ቡና ሽጉጥ አይደለም።

ለሒሳብ እንዲቀል የአንድ ፈረሱላ ዋጋ 100 ብር ነው እንበል። በዓመት 18 በመቶ ብድር ለስድስት ወር ያዛችሁት፦ ወለድ 9 ብር። ኪራይ፣ ጆንያና ጉልበት 2 ብር። ክብደቱ ደርቆ 2 በመቶ ቀነሰ። 111 ብር ለ98 በመቶ ሲካፈል 113 ብር ከምናምን ይመጣል። ማለትም ዋጋው 13 በመቶ ቢጨምር ገና ዜሮ ላይ ናችሁ። ወጪው በቀን በቀን ስለማይታይ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው።

"ዋጋው ተመልሶ ይመጣል" ለሚሉ ደግሞ፦ ብራዚልን እ.ኤ.አ. በ1975 ውርጭ መታት፣ በ1977 የኒውዮርክ አረቢካ ዋጋ በፓውንድ ከ3 ዶላር በላይ ወጣ። ያ ሪከርድ የተሰበረው በታህሣሥ 2024 ነው፤ በየካቲት 2025 ደግሞ 4 ዶላርን አለፈ። 47 ዓመት! ያኔ የነበረው 1 ዶላር የሚገዛው ደግሞ አሁን ከ5 ዶላር በላይ ይፈልጋል።

በሌላ በኩል፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ገባ። ያን ጊዜ ቡና የያዘ አተረፈ። ትርፉ ግን የመጣው ከብሩ ነው እንጂ ከቡናው ጥራት አይደለም። በዚያ ተበረታቶ በየዓመቱ መያዝ ልማድ ማድረግ አደጋ ነው።

የሚያዝ ነገር ቢኖር ወረቀት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ምንጠራ ደንብ ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ይጠይቃል። ማኅበሩ የገበሬውን ማሳ መዝግቦ ከያዘ፣ ያ እንደ ሌፎሾው ተከታታይ ቁጥር ነው። ቡናው ያልቃል፣ መዝገቡ ግን በየዓመቱ ይሸጥላችኋል።

፮. አያት የተዉት መሣሪያ ቤት ያላችሁ

ውጅግራም ሆነ ስድስት ጎራሽ፣ ቤታቸው ያለ ሰዎች ስላሉ በአጭሩ፦

ሀ. አትተኩሱበት። በድሮ ባሩድ ዘመን የተሠራ ብረት የዛሬን ጥይት ግፊት ላይችል ይችላል፤ እጅ ላይ ይፈነዳል። የሠርግ ተኩስማ ጭራሽ አይታሰብ።

ለ. ፈቃዱን አስተካክሉ። የጦር መሣሪያ አዋጅ 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝንም መሸጥንም ይከለክላል።

ሐ. የፓሪሱን ጨረታ አትቁጠሩ። ቅርስ ከሆነ በአዋጅ 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

መ. አትፈግፍጉት፣ ታሪኩን ግን ጻፉት፤ የማን ነበር፣ ከየት መጣ፣ ማን ያውቃል። የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ። ጀጎል ውስጥ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው ሰብስበው ያቋቋሙትን ሙዚየም ያየ ሰው፣ ሰብስቦና መዝግቦ መያዝ ምን እንደሚሠራ ይገባዋል።

ማጠቃለያ

ከመያዛችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ዋጋው የሚመጣው ካልተነካ ነው፣ ከታሪኩ ነው፣ ወይስ ከመጠቀም? ማስረጃው እጄ ላይ አለ? የመያዣ ወጪውን በቁጥር ጽፌዋለሁ? ሦስተኛውን በወረቀት ያልመለሰ ሰው "ይዣለሁ" አይበል፣ ገና አልወሰነም። ለተበደረ ማኅበርና ገበሬ ምክሬ፦ ዕዳውን የሚዘጋውን ያህል ቶሎ ሽጡ፤ ትርፉን ብቻ በጀንፈል ያዙ።

ይህን ለማኅበር አመራሮች አስተላልፉ፤ ጥያቄ ካለ ከሥር ጻፉ። ሰኞ በዋጋ እንገናኝ። መልካም ግብይት።