የመኖሪያ ቦታና የሥራ ዕድል፦ የካዛንቺስ የልማት ተነሺዎች እና የሥራ ስምሪት ፖሊሲ

መግቢያ

ካዛንቺስ የሚለው ስያሜ መኖሪያና ሥራ በከተማ ዕቅድ ውስጥ የተሳሰሩ መሆናቸውን ያስታውሳል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ተቋም በምኅጻር «ኢንቺስ» ይባል ነበር። «ካዜ ኢንቺስ»፣ ማለትም የኢንቺስ ቤቶች፣ የሚለው ስም በሕዝብ አንደበት ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1958 የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና በ1961 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የአካባቢውን የሥራ ገበያ ይበልጥ አሰፉት። ከኮሚሽኑ አጥር እስከ ባምቢስ ባለው ክልል ሆቴሎች፣ የግል ቢሮዎች፣ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ተበራከቱ። በእነዚህ ዙሪያ በቀበሌ ቤት የሚኖሩ በርካታ ቤተሰቦች በጥበቃ፣ በጽዳት፣ በልብስ አጠባ፣ በእንጀራ ጋገራ፣ በጀበና ቡናና በጉሊት ንግድ ይተዳደሩ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ካዛንቺስን ሲያካትት፣ የአካባቢው ነዋሪዎች ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ የከተማዋ ዳርቻ ሰፈሮች ተዛወሩ። የመልሶ ማስፈር ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በተላለፉ ቤቶች ብዛት ነው። ይህ ጽሑፍ መልሶ ማስፈር የቤቶች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሥራ ስምሪት ፖሊሲም መሆኑን በማመልከት፣ በአዲስ አበባ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን መሠረት አድርጎ ሊለካ የሚገባውን ይጠቁማል።

የሕግ ማዕቀፉ

ጉዳዩ ለሕግ አውጪው እንግዳ አይደለም። የመሬት ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅበትን፣ ካሳ የሚከፈልበትንና ተነሺዎች መልሰው የሚቋቋሙበትን ሥርዓት የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የኢኮኖሚ ጉዳት ካሳን ለይቶ ይተረጉማል። ትርጓሜው ሥራን፣ ንግድንና ኪራይን በማጣት የሚደርሰውን ጉዳት ያካትታል። አዋጁ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ቦታ ይሰጣል። ስለዚህ ክርክሩ የሥራ መጥፋት በካሳ ይታሰብ ወይስ አይታሰብ የሚል አይደለም። ዋናው ጥያቄ ሥራው ሙሉ በሙሉ ባይቋረጥም በርቀት ምክንያት የሚሸረሸረው ገቢ እንዴት ይለካ የሚለው ነው።

የቀደሙ ጥናቶች ግኝት

አንትሮፖሎጂስቱ ገብሬ ይንቲሶ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመሀል ከተማ ወደ ዳርቻ የተዛወሩ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ካጡት ነገር ዋነኛው የቦታ ጥቅም መሆኑን አሳይተዋል። ደንበኛው፣ ገበያውና ጎረቤቱ በእግር የሚደረስባቸው በመሆናቸው ብቻ ይገኝ የነበረው ገቢ ከቤቱ ጋር አብሮ ቀርቷል።

በሌላ በኩል ሲሞን ፍራንክሊን የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሳቸውን ካልደረሳቸው ጋር ሲያነጻጽር፣ ቤቶቹ ከመሀል ከተማ የራቁ ቢሆኑም በገቢና በሥራ ተሳትፎ ላይ ጉልህ ለውጥ አላገኘም። ሁለቱ ግኝቶች የሚቃረኑ ቢመስሉም ልዩነቱ በምርጫ ላይ ነው። የዕጣ ባለዕድል ቤቱን አከራይቶ በነበረበት አካባቢ መቀጠል ይችላል። የሚኖርበት ቤት የፈረሰበት ተነሺ ግን ይህ አማራጭ የለውም። በመሆኑም የዕጣ ባለዕድሎችን ውጤት ለልማት ተነሺዎች በቀጥታ መጥቀስ የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ ያደርሳል።

ሦስተኛው ማስረጃ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን ይመለከታል። ግሩም አበበ፣ ስቴፋኖ ካሪያና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት የሙከራ ጥናት፣ ለአንዱ ቡድን ወደ መሀል ከተማ መመላለሻ የመጓጓዣ ድጎማ፣ ለሌላው ደግሞ የሥራ ማመልከቻ ሥልጠናና የክህሎት ምዘና ምስክር ወረቀት ተሰጠ። ሁለቱም በአጭር ጊዜ ውስጥ የተሻለ ሥራ የማግኘት ዕድልን አሳደጉ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን በገቢ ላይ ጸንቶ የታየው የሥልጠናውና የምስክር ወረቀቱ ውጤት ነበር። የመጓጓዣ ድጎማው ውጤት አልዘለቀም።

አራተኛው እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረውን የከተሞች ምርታማ ሴፍቲኔት ይመለከታል። ፕሮግራሙ በአዲስ አበባ ወረዳዎች በዕጣ ቅደም ተከተል መጀመሩ ውጤቱን በትክክል ለመለካት አስችሏል። ፍራንክሊን፣ ክሌመንት ኢምበርት፣ ግሩም አበበና ካሮሊና ሜሂያ ማንቲያ እ.ኤ.አ. በ2024 ያሳተሙት ጥናት ፕሮግራሙ ሙሉ በሙሉ ሲስፋፋ የግሉ ዘርፍ ደመወዝ በ18.6 በመቶ እንደሚጨምር ይገምታል። በደመወዝና በአካባቢ መሻሻል የሚገኘው ቀጥተኛ ያልሆነ ጥቅም ሲታከል የድሆች ጠቅላላ ጥቅም ስድስት እጥፍ ይሆናል። በአንድ ሰፈር የሚፈጠር ሥራ ሠራተኞች በሚመላለሱባቸው ሰፈሮች ሁሉ ደመወዝን ይነካል ማለት ነው።

ትንተና፦ የማይታየው የገቢ ቅነሳ

በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው የሰው ኃይልና የፍልሰት ጥናት የከተማ ሥራ አጥነትን 18.7 በመቶ አድርሶታል። ይሁንና ይህ መለኪያ የመልሶ ማስፈርን ጉዳት ለማየት አያገለግልም። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መመዘኛ በሳምንት ውስጥ አንድ ሰዓት እንኳ ለገቢ የሠራ ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል።

ለአብነት ያህል በቀን 10 ሰዓት ሠርታ 300 ብር የምታገኝ የጽዳት ሠራተኛ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የቀረቡ ናቸው። ቀድሞ በእግሯ ትሄድ ስለነበር የሰዓት ገቢዋ 30 ብር ነበር። ከተዛወረች በኋላ ለደርሶ መልስ ታክሲ 60 ብርና ሁለት ሰዓት ብታወጣ፣ በእጇ የሚቀረው 240 ብር ለ12 ሰዓት የሚከፈል ይሆናል። የቀን ገቢዋ በ20 በመቶ፣ የሰዓት ገቢዋ ደግሞ ከ30 ወደ 20 ብር ወርዶ በአንድ ሦስተኛ ቀንሷል። በሥራ አጥነት ስታቲስቲክስ ግን አንዳች ለውጥ አይመዘገብም። ልጆቿን ለጎረቤት ትታ ትሠራ የነበረች ከሆነ፣ የጎረቤቷ መራቅ ሌላ ወጪ ያስከትላል።

ጉዳቱ ለሁሉም ሠራተኛ አንድ ዓይነት አይደለም። ተቀጣሪው የሚያጣው ጊዜና የመጓጓዣ ገንዘብ ሲሆን፣ ሥራው ሊቀጥል ይችላል። የጀበና ቡና ሻጯ ወይም የሊስትሮው ዋና ሀብት ግን ደንበኛው ነው። ይህ ሀብት ከቦታው ጋር የተጣበቀ በመሆኑ ታክሲ አይመልሰውም፤ የምስክር ወረቀትም አይተካውም። የዱቤና የዕቁብ ትስስርም እንዲሁ በመተዋወቅ የሚገነባ ነው።

የፖሊሲ አንድምታ

ከዚህ ትንተና አራት ነጥቦች ይመነጫሉ። አንደኛ፣ ከማንሳት በፊት የሚደረገው ቆጠራ የቤቱን ስፋትና የቤተሰቡን ብዛት ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ አባል የት፣ ምን ሠርቶ፣ በምን ተጉዞ እንደሚያድር ሊመዘግብ ይገባል። ሁለተኛ፣ የመጓጓዣ ድጋፍ ለሽግግር ጊዜ ተገድቦ ከመጀመሪያው ቀን ሊጀምር ይገባል፤ ብቻውን ዘላቂ ውጤት ስለማይኖረው ለተቀጣሪዎችና ለወጣቶች ከክህሎት ምዘናና ምስክር ወረቀት ጋር መጣመር አለበት። ሦስተኛ፣ ደንበኛቸውን ላጡ አነስተኛ ነጋዴዎች በአዲሱ ሰፈር የመሸጫ ቦታ፣ ደንበኛ እስኪያፈሩ ድረስ ደግሞ የሴፍቲኔት የአካባቢ ልማት ሥራ ሊመቻች ይገባል። አራተኛ፣ ክትትሉ ተነሺው ሥራ አለው ወይስ የለውም ከማለት አልፎ፣ ከመጓጓዣ ወጪ በኋላ የሚቀረውን የሰዓት ገቢ ለተከታታይ ዓመታት ሊለካ ይገባል።

ማጠቃለያ

መንግሥት እስከ 2025 እ.ኤ.አ. 14 ሚሊዮን የሥራ ዕድል ለመፍጠር ያወጣው ዕቅድ የሚመዘነው አዲስ በሚፈጠሩ ሥራዎች ነው። በነበሩ ሥራዎች ላይ በርቀት ምክንያት የሚደርሰው መሸርሸር ካልተቀነሰለት ግን የተጣራው ውጤት አይታወቅም። የኮሪደር ልማቱ በምዕራፍ ተከፋፍሎ መካሄዱ ለተመራማሪዎች መልካም አጋጣሚ ነው፤ ቀድመው የተዛወሩትን ገና ተራቸውን ከሚጠብቁት ጋር በማነጻጸር የርቀትን ዋጋ ለይቶ መለካት ይቻላል። የመነሻው መረጃ ግን ነዋሪው ከቦታው ከመነሳቱ በፊት መሰብሰብ አለበት። ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ ማን የት ይሠራ እንደነበር የሚነግር መዝገብ አይገኝም።