በዋድላ ሜዳ ላይ ስንት መንዳት ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ከኮን ወደ ወልድያና ወደ ላሊበላ የምመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነኝ። ነዳጅ የማገኘው ተሰልፌ ነው፤ ሳጣ በሃይላንድ የሚሸጠውን በውድ እገዛለሁ። በየስብሰባው «ፍጥነት ቀንሱ፤ ነዳጅ ትቆጥባላችሁ፣ አየሩም አይበከልም» እንባላለን። ነባር ሹፌሮች ደግሞ «ነዳጅ የሚጨርሰው በከባድ ማርሽ የሚያዘግም መኪና ነው» ይላሉ። የመኪናው ባለቤት ቶሎ ደርሼ ቶሎ እንድመለስ ይፈልጋል። የማንን ልስማ?
ከኮን

መልስ፦ ስብሰባ ላይ የሚነገርዎትም፣ ነባሮቹ የሚሉትም እውነት አለው። የማይስማሙት አንዱ ስለ ፍጥነት መብዛት፣ ሌላው ስለ ፍጥነት ማነስ ስለሚያወራ ነው። የእርስዎ መንገድ ደግሞ ሜዳም ዳገትም አለበት።

ከሜዳው ልነሣ። መኪና በደልዳላ መንገድ ላይ ሲሄድ ነዳጁን የሚበሉት በዋናነት የጎማው ፍትጊያና የአየሩ ግፊት ናቸው። ፍትጊያው ፍጥነት ቢጨምርም ብዙ አይለወጥም። የአየሩ ግፊት ግን ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ከ90 ወደ 70 ሲወርዱ ይህ ግፊት በ40 በመቶ ገደማ ይቀንስልዎታል። ነዳጁ የዚያን ያህል አይቀንስም፤ ቅናሹ ግን ኪስዎ ላይ የሚታወቅ ነው። ሚኒባስ ግንባሩ ሰፊ ነው፤ ፖርቶ መጋላው ላይ ጆንያ ሲከመርበት ደግሞ ይብስበታል። ነፋሱንም አይርሱ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣብዎት፣ በ70 እየነዱ ከአየሩ ጋር የሚታገሉት በ90 እንደሚነዳ ሰው ነው። እንዲህ ባለ ቀን ከ70 መውረድ ይሻላል።

ነባሮቹ ደግሞ ስለ ሌላው ጫፍ ይናገራሉ። ከ30 በታች፣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ሲያዘግሙ ሞተሩ ብዙ ዞሮ ጥቂት መንገድ ይሸፍናል፤ በኪሎ ሜትር የሚፈጀው ነዳጅም ይጨምራል። ለአብዛኛው መኪና የሚያዋጣው በቀላል ማርሽ ከ60 እስከ 80 ባለው ውስጥ፣ ሳይዋዥቁ መንዳት ነው። ለሚኒባስ ከ60 እስከ 70 ያለውን እመርጣለሁ። እንግዲህ በገበያ ቀን ኮን ወይም ጋሸና ውስጥ ቀስ በሉ ሲባሉ ነዳጅ እንዲቆጥቡ አይደለም። መንገድ ለሚያቋርጠው ሕፃንና አህያ ለሚነዳው ገበሬ ነው። ይህን በሊትር መመዘን ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

አሁን ወደ ዳገቱ። ወልድያ ከ2,000 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከዚያ ተነሥተው የድልብን ጠመዝማዛ ይዘው ወደ ጋሸና ሲመጡ መንገዱ 3,000 ሜትር ያልፋል። ሰውና ዕቃ የሞላ፣ ሦስት ቶን የሚመዝን ሚኒባስ አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ ለማውጣት ብቻ ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ ነዳጅ ይፈልጋል። በ30 ቢወጡት በ50 ይህ ድርሻ አይለወጥም። የሚቀንሰው ክብደቱ ሲቀንስ ነው፤ ከወንበሩ በላይ መጫን በዚህ መንገድ ላይ የሚያስከፍለው ቅጣቱን ብቻ አይደለም።

በፍጥነት የሚባክነው ነዳጅ በጠመዝማዛው መካከል ያለው ነው። ብዙ ሹፌር ከአንዱ መታጠፊያ እስከ ሌላው 80 እስኪደርስ ይረግጥና ኩርባው ጋ ሲደርስ በፍሬን ወደ 40 ያወርደዋል። ሦስት ቶን ከ40 ወደ 80 ማድረስ የአንድ ሊትር ሃያኛውን ይበላል፤ ፍሬኑ ያንን ሁሉ ሙቀት አድርጎ ይበትነዋል። ሃያ ጊዜ ቢደጋግሙት አንድ ሊትር ሄደ ማለት ነው። የደረሱት ግን ኩርባውን በ50 አስተካክሎ ከሚነዳው ብዙም ሳይቀድሙ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ ዜሮ አድርጎ መልቀቅ ቁጠባ የሚመስላቸው አሉ። በማርሽ ላይ ሆነው እግርዎን ከነዳጁ ሲያነሡ ግን ዘመናዊ ሞተር ነዳጁን ፈጽሞ ይዘጋዋል፤ ዜሮ ላይ ያለው እንዳይጠፋ ሲል እየጠጣ ይወርዳል። አደጋውም የከፋ ነው። ከቤተ ሖር ወደ ጅጣ የሚወርደውን ገደል ያውቁታል፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ሠራዊታቸውን መንገድ ያስቆፈሩበት አገር ነው። እንዲያ ባለ ቁልቁለት ፍሬን ብቻውን ሊታመን አይገባም።

ስለ አየር ብክለቱም ጠይቀዋል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ስለዚህ ነዳጅ ከቆጠቡ ይህም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጥቁሩ ጭስ ግን ለብቻው መታየት አለበት። ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ አየሩ ባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው አሮጌ የናፍጣ ሞተር አየሩ አንሶበት ሳለ ፖምፓው የለመደውን ነዳጅ ይረጭለታል፤ ያልነደደው ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል። ዳገት ላይ እስከ መጨረሻው ቢረግጡት ጉልበት አይጨምርልዎትም፤ ጭስ ነው የሚጨምረው። ከኋላ ያለው እግረኛም የሚተነፍሰው ይህንኑ ነው። ማርሹን አስቀድመው ያክብዱ፣ እግርዎን ጥቂት ያንሡ፣ የአየር ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ ያጽዱ፤ ጭሱ ካልተወ ፖምፓውንና ኖዝሉን ያስፈትሹ። በጠጠር መንገድ ላይ ደግሞ አቧራው ከፍጥነቱ ጋር ስለሚጨምር፣ ቤቱ መንገድ ዳር ለሆነ ሰው ትልቁ እፎይታ የእርስዎ መቀነስ ነው።

የፍጥነት ገደብ ለነዳጅ ሲባል መውጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። በ1966 ዓ.ም. ነዳጅ በዓለም ላይ ሲወደድ አዲስ አበባ ውስጥ የቤንዚን ዋጋ ጭማሪ ታክሲዎችን የካቲት ላይ ሥራ አስቆመ። አሜሪካ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ በመላ አገሪቱ ከ88 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ መንዳትን የሚከለክል ሕግ አውጥታ ነበር። ሹፌሩ ሁሉ ስላልታዘዘ የተገኘው የነዳጅ ቁጠባ ከታሰበው አነሰ። በመንገድ አደጋ የሚሞተው ሰው ግን በዓመት ከ54 ሺህ ወደ 45 ሺህ ገደማ ወረደ። ሰው መንዳት መቀነሱም ድርሻ ነበረው፤ የፍጥነቱ መቀነስ ግን ነፍስ ማዳኑ አያከራክርም።

ለባለቤቱ የሚነግሩት ይህን ነው፦ ሃያ ኪሎ ሜትር ሜዳ በ65 ፋንታ በ80 ቢነዱ የሚያተርፉት ሦስት ደቂቃ ተኩል ነው። ካላመነ ይለኩለት። ጋኑን ሞልተው ወልድያ ደርሰው ይመለሱና፣ እንደገና እስኪሞላ የገባውን ሊትር ይጻፉ። አንድ ሳምንት እንደ ልማድዎ፣ ሌላውን ሳምንት ሜዳውን በ65፣ ኩርባውን በ50 ሳይዋዥቁ ይንዱ። ጭነቱና ተሳፋሪው ተቀራራቢ ይሁን፤ የጎማው ነፋስም በሁለቱም ሳምንት አንድ ይሁን፤ የላላ ጎማ ውጤቱን ያበላሽብዎታል።