ድንበር ሲያጣላ ወንዙ ምን ይሆናል?

ዛሬ በማኅበራዊ ሳይንስ አምዳችን ስለ ኢንደስ ወንዝ አስነብባችኋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1947 እንግሊዞች ሲወጡ ህንድ ተከፍላ ፓኪስታን የምትባል አገር ተፈጠረች። ችግሩ ምን መሰላችሁ? አዲሱ ድንበር የመስኖውን መስመር ቆረጠው። የአንዳንዶቹ ቦዮች መክፈቻ በር ህንድ ውስጥ፣ ቦዮቹ ግን ፓኪስታን ውስጥ ቀሩ። በ1948 በሩ ተዘጋና የፓኪስታን ገበሬዎች ለሳምንታት ውሃ አጡ።

በ1960 በዓለም ባንክ አሸማጋይነት ስምምነት ተፈረመ። ከስድስቱ ወንዞች ምሥራቃዊዎቹ ሦስቱ ለህንድ፣ ምዕራባዊዎቹ ሦስቱ በአብዛኛው ለፓኪስታን ሆኑ። በ1965 እና በ1971 ቢዋጉም ስምምነቱ አልፈረሰም። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው! በ2025 ግን ሁለቱም የእኔ ነው በሚሉት በካሽሚር ቱሪስቶች ሲገደሉ ህንድ ስምምነቱን አገደችው።

ታዲያ ጉዳቱ ምንድን ነው? የውሃ መጠን መረጃ ካልተለዋወጡ ታች ያለው ገበሬ ጎርፍ መምጣቱን በጊዜ ማወቅ ይቸግረዋል። እኔ እንደተረዳሁት ድንበር ካርታ ላይ ይሰመራል፤ ውሃ ግን መስመር አይቶ አይቆምም። ስለዚህ የተጣሉ አገሮችም ስለ ውሃ መነጋገር አለባቸው።

ጥያቄ፦ ከአገራችን ተነስተው ወደ ጎረቤት አገር የሚፈሱ ሦስት ወንዞችን ጥቀሱ። መልሱን ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አስገቡ።