ጉድለት ባለው ዕቃ ለተጎዳ ሕፃን የሚከፈል ካሣ

«ካሣ» የሚለው ቃል ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። ከብት የሰው አዝመራ ሲበላ፥ ሰውም በሰው ላይ ጉዳት ሲያደርስ፥ ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው በዳይንና ተበዳይን ፊት ለፊት እያገናኙ «ይህን ያህል ካስ» ሲሉ ኖረዋል። በእንዲህ ያለው ነገር በዳዩ ይታወቃል፤ ጎረቤት ነው፤ ቤቱም ከማዶ ይታያል። በዛሬው ዘመን ግን ልጅን የሚጎዳው ነገር ብዙ ጊዜ ከሩቅ ፋብሪካ ተሠርቶ፥ በመርከብና በመኪና ተጭኖ፥ በሱቅ መደርደሪያ በኩል ወደ ቤታችን የገባ ዕቃ ነው። ወላጆች የዕቃውን ሠሪ አያውቁትም፤ እርሱም ሕፃኑን አያውቀውም። ታዲያ ሽማግሌ ማንን ይጥራ? ዳኛስ ማንን «ካስ» ይበል?

ውድ አንባብያን፤ በዚህ ዓመት በዜግነት ትምህርት ክፍለ ጊዜ ስለ ሕግ በተማርንበት ወቅት ይህ ጥያቄ በሐሳቤ ስለ ቀረ፥ አንብቤና መምህራንን ጠይቄ ያገኘሁትን በዚች አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የጽሑፌም ፍሬ ነገር አንድ ነው። ይኸውም፥ የተጎዳ ልጅ ካሣ ማግኘቱና አለማግኘቱ የሚወሰነው ዳኛው በሚጠይቀው ጥያቄና ወላጆች በሚጠብቁት ማስረጃ ነው የሚል ነው።

፩. ሁለቱ ጥያቄዎች

አንድ ዕቃ ልጅን ጎድቶ ነገሩ ከፍርድ ቤት ሲደርስ፥ ሕግ ከሁለት ጥያቄዎች አንዱን ሊጠይቅ ይችላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ሠሪው አጥፍቷል ወይ?» የሚል ነው። በዚህ ጊዜ ካሣ ጠያቂው፥ ፋብሪካው ማድረግ የሚገባውን ጥንቃቄ እንዳላደረገ ማስረዳት አለበት። ነገር ግን ምን ምርመራ ተደረገ፥ ምንስ ቀረ የሚለው የተጻፈበት መዝገብ የሚገኘው በፋብሪካው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው እንጂ በተጎዳው ልጅ ቤት አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ «ዕቃው በደንቡ ሲሠሩበት ጉዳት አደረሰ ወይ?» የሚል ነው። እዚህ ላይ የሠሪው ልብና ትጋት አይመረመርም። በዕቃው ትርፍ ያገኘ ሰው ዕቃው ያደረሰውንም ጉዳት ይሸከም ማለት ነው። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ በሕፃን ሕይወት ላይ ግን ምን ያህል ትልቅ እንደ ሆነ ከሚቀጥለው ታሪክ እንረዳለን።

፪. የታሊዶማይድ ልጆች

እ.ኤ.አ. በ1957 ግሩነንታል የተባለ የጀርመን የመድኃኒት ኩባንያ ታሊዶማይድ የተባለውን የእንቅልፍ መድኃኒት «ኮንተርጋን» በሚል ስም ለገበያ አወጣ። በ1958 ደግሞ ዲስቲለርስ የተባለው ኩባንያ በእንግሊዝ አገር መሸጥ ጀመረ። መድኃኒቱ ምንም ጉዳት የሌለው ነው እየተባለ ስለ ተነገረለት፥ ነፍሰ ጡር ሴቶችም ለእንቅልፍና ለማቅለሽለሽ ይወስዱት ነበር።

ከዚህም በኋላ እጃቸው አጥሮ ወይም ከትከሻቸው ላይ ብቻ በቅሎ፥ እግራቸው ሳይሟላ፥ ጆሯቸው ወይም ልባቸው ተጎድቶ የሚወለዱ ሕፃናት በዙ። እ.ኤ.አ. በ1961 መጨረሻ ላይ ቪዱኪንት ሌንትስ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪምና ዊልያም ማክብራይድ የተባለው አውስትራልያዊ ሐኪም የጉዳቱ ምክንያት መድኃኒቱ ሳይሆን እንደማይቀር አስታወቁ። መድኃኒቱም በጀርመንና በእንግሊዝ አገር ከገበያ ወጣ። በዓለም ሁሉ የተጎዱት ሕፃናት ቁጥር ወደ 10,000 እንደሚደርስ ይገመታል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ገና በሕፃንነታቸው ሞተዋል።

አሜሪካ ከዚህ መቅሠፍት በብዛት የዳነችው፥ በመንግሥት የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ትሠራ የነበረችው ሐኪም ፍራንሲስ ኬልሲ «ማስረጃው አልበቃኝም» ብላ የሽያጭ ፈቃድ ሳትሰጥ በመቆየቷ ነው። አንድ ሰው ሥራውን በጥንቃቄ ሲሠራ ስንት ልጅ እንደሚያድን ከዚህ ይታያል።

፫. ጥፋትን ማስረዳት ያመጣው መዘግየት

በእንግሊዝ አገር ከ1962 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የ70 ልጆች ወላጆች ዲስቲለርስን ከሰሱ። የአገሩ ሕግ ይጠይቅ የነበረው የመጀመሪያውን ጥያቄ ስለ ሆነ፥ ወላጆች የኩባንያውን ጥፋት ማስረዳት ነበረባቸው። ኩባንያው ደግሞ አላጠፋሁም አለ። ከዚህም በላይ አንድ ከባድ ክርክር ተነሣ፤ ይኸውም «ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ ልጁ ገና በማኅፀን ነበር፤ ያልተወለደ ሰው ካሣ መጠየቅ ይችላል ወይ?» የሚል ነው።

ከዚህም የተነሣ በ1968 አብዛኞቹ ወላጆች ታረቁ። በዕርቁም መሠረት የጥፋቱን ክስ ትተው፥ ሙሉ በሙሉ ቢረቱ ኖሮ ያገኙት ከነበረው ካሣ ከመቶ 40 እጁን ብቻ ተቀበሉ። በሕይወት ለነበሩት 62 ልጆች የተደረገው ዕርቅ በፍርድ ቤት ጸድቋል፤ ልጅ ራሱ መስማማት ስለማይችል፥ በስሙ የሚደረገውን ዕርቅ ዳኛ እንዲያየው ያስፈልግ ነበር።

ገና ያልተካሱ ሌሎች ብዙ ልጆችም ነበሩ። በ1972 ሰንዴይ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ ነገሩን በሰፊው ስለ ጻፈ፥ ሕዝቡና ፓርላማው ተነሡ። በ1973 ወደ 20 ሚሊዮን ፓውንድ የሚገመት ስምምነት በፍርድ ቤት ጸደቀ። እንግዲህ ቁጠሩ፤ በ1961 የተወለደ ልጅ በዚያ ዓመት 12 ዓመት ሆኖታል። ሰው ሠራሽ እጅና ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስፈልገው ልጅ፥ የልጅነቱ ዘመን ያለፈው ትልልቆቹ ሲከራከሩ ነው።

በጀርመንም ከ1968 ጀምሮ በኩባንያው ሹማምንት ላይ የወንጀል ክስ ሲታይ ቆይቶ በ1970 ያለ ፍርድ ተቋረጠ። ኩባንያው 100 ሚሊዮን ማርክ ለልጆቹ ለመስጠት ተስማማ፤ በ1971 በወጣ ሕግም ድርጅት ተቋቁሞ ወርኀዊ ጡረታ ተወሰነላቸው። ልጆቹ አድገው ሲሸመግሉ ግን፥ ባልተሟላ አካል ሲሠሩ የኖሩት ሰዎች መገጣጠሚያቸው ቶሎ ስለ ደከመ፥ የቀድሞው ገንዘብ አልበቃም። በ2013 ሕጉ ተሻሽሎ ጡረታው በብዙ እጥፍ ከፍ አለ። የልጅ ጉዳት ከልጁ ጋር አብሮ እንደሚያድግ ይህ ጥሩ ምስክር ነው።

ከዚህ ሁሉ መከራ ሕግም ተማረ። በ1976 የእንግሊዝ ፓርላማ በማኅፀን ሳለ የተጎዳ ልጅ በሕይወት ከተወለደ ካሣ መጠየቅ እንዲችል ደነገገ። በ1985 ደግሞ የአውሮፓ ማኅበር አገሮች ሁለተኛውን ጥያቄ መረጡ፤ የተጎዳው ሰው ጉዳቱን፥ የዕቃውን ጉድለትና የሁለቱን ግንኙነት ካስረዳ፥ የሠሪውን ጥፋት ማስረዳት አያስፈልገውም ተባለ። ዕቃው ከውጭ የመጣ እንደ ሆነም አስመጪው እንደ ሠሪው እንዲጠየቅ ታዘዘ።

፬. የአገራችን ሕግ ምን ይላል?

ወዳጆቼ፤ ይህን ሳነብ በጣም የተደነቅሁበት ነገር በገዛ አገራችን ሕግ ውስጥ ያገኘሁት ነው። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ረቂቁ በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ ተዘጋጅቶ፥ በ1952 ዓ.ም. ታወጀ፤ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ። ያ ጊዜ በአውሮፓ ታሊዶማይድ ገና በመሸጥ ላይ የነበረበት ጊዜ ነው። የዚህ ሕግ ቁጥር 2085 ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፥ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ሠሪው «እኔ አላጠፋሁም» ብሎ ከዚህ ኀላፊነት አያመልጥም። እንግዲህ አገራችን በሕግ መጽሐፏ ሁለተኛውን ጥያቄ የጠየቀችው ከአውሮፓ ማኅበር 25 ዓመት ቀድማ ነው።

የሕጉ ቁጥር 2 ደግሞ የተፀነሰ ልጅ፥ ጥቅሙ የሚያስፈልገው ሲሆን፥ በሕይወት ለመኖር ችሎ ከተወለደ እንደ ተወለደ ይቆጠራል ይላል። በእንግሊዝ አገር ወላጆችን ያስጨነቀው ክርክር በእኛ ሕግ መልስ አግኝቶ ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን ሕጉ ወሰንም አለው። አንደኛ፥ ጉዳቱን ያደረሰው ጉድለት በተለመደው አመለካከት ዕቃውን በማየት ሊታወቅ የሚችል ከነበረ ሠሪው በዚህ ቁጥር አይጠየቅም። የተሰነጠቀ ብርጭቆ እያዩ ገዝቶ ለልጅ መስጠት እንደዚህ ያለ ነው። ሁለተኛ፥ ካሣው ከጉዳቱ ጋር እኩል እንዲሆን፥ መድረሱ የተረጋገጠ የወደፊት ጉዳትም እንዲታሰብ ሕጉ ቢያዝም፥ ስለ ኅሊና ጉዳት የሚሰጠውን ገንዘብ ግን ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። ይህ ገንዘብ በ1952 ዓ.ም. ብዙ ነበር፤ ዛሬ ግን የአንዲት ልጅን ሥቃይና እፍረት ሊክስ ቀርቶ ጥሩ ጫማ እንኳ አይገዛላትም። ሦስተኛና ዋነኛው፥ በቁጥር 2143 መሠረት ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ልጅ ራሱ መክሰስ ስለማይችል፥ ወላጆቹ ወይም ሞግዚቱ ስለ እርሱ ሆነው ያቀርባሉ። እነርሱ ዝም ካሉ ልጁም ዝም አለ ማለት ነው።

፭. ከሰፈራችን የታየ ነገር

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ከሦስት ዓመት በፊት በሰፈራችን አንድ አዲስ የላምባ ምድጃ ከተገዛ በሦስተኛው ቀን የማጠራቀሚያው ብየዳ ለቀቀና እሳቱ ወጥቶ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ አቃጠለ። ልጅቷ ዳነች፤ ነገር ግን የቀኝ ክንዷ እስከ ዛሬ ድረስ ቀጥ ብሎ አይዘረጋም። እኔ እትዬ እያልሁ የምጠራቸው እናቷ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለምን ዐይኔን ከእርሷ ላይ አነሣሁ?» እያሉ ያለቅሱ ነበር። ዘመዶችም «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ብለው አጽናኗቸው። ምድጃው ክፉ ነገር እንዳያስታውስ ተብሎ በዚያው ሳምንት ለቆራሌው ተሸጠ። ደረሰኝ አልነበረም፤ የምድጃውን ስምም የሚያስታውስ ሰው አልተገኘም።

በክፍላችን ስለ ሁለቱ ዓመታት በተማርን ጊዜ በጣቴ ቆጠርሁ፤ ጊዜው አልፏል። ማንም እትዬን «ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ የምድጃው ጉድለት ነው» ብሎ አልነገራቸውም ነበር። ነገር መውደድ መልካም እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሽማግሌዎቻችንም «ከነገሩ ጦም እደሩ» ይላሉ። ነገር ግን ይህ ምክር ለትልልቅ ሰው ጠብ ይሆናል እንጂ፥ ነገ በአንድ እጇ ሠርታ ለምትበላ ልጅ አይሆንም። እናትና አባት ክሱን ቢተዉ የሚተዉት የራሳቸውን ሳይሆን የልጃቸውን ገንዘብ ነው።

፮. ማድረግ የሚገባን

ስለዚህ ጓደኞቼም ወላጆቻችንም የሚከተለውን እንድናስብ እለምናለሁ።

ዕቃ ስንገዛ ደረሰኝ እንቀበል፤ ሠሪው ከውጭ አገር ሆኖ ባይገኝ፥ በሽያጩ ውል ሻጩን ለመጠየቅ ደረሰኙ ይረዳልና። ጉዳት የደረሰ እንደ ሆነ ከሁሉ በፊት ልጁን ወደ ሐኪም እናድርስ፤ ዕቃውን ግን አንጣለው፥ አናስጠግነው፥ አንሽጠው። ከነካርቶኑና ከነጽሑፉ ታስሮ ይቀመጥ፤ ፎቶግራፍም ይነሣ። የሐኪም ቤት ወረቀትና የወጪ ደረሰኝ ሁሉ በአንድ ቦታ ይጠበቅ። ያዩ ሰዎች ስም ይጻፍ። ከዚያም ሁለቱ ዓመታት ሳያልቁ ጠበቃ ወይም የሕግ ዐዋቂ ይጠየቅ። ዕርቅ ቢቀርብም፥ ልጁ አድጎ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ሳይታሰብ አይፈረም።

ከአባቶቻችን ዘመን ጀምሮ «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ባለበት ይቆም ነበር። ይህን ቃል የሚለው ግን አፍ ያለው ሰው ነው። ሕፃን አፍ የለውም፤ አፉ እኛ ነን። ሕጉ ከተጻፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የቀረው የሚያውቀውና በጊዜው የሚጠቀምበት ሰው ነው።